ቦርዶውን ግድግዳ ወደ ነጭ መመለስ፦ ከማጠብ እስከ መጨረሻው እጅ

ሦስት እጅ ነጭ ቀለም ቀብታችሁ ቦርዶው አሁንም ከስር እየታየ ከሆነ፣ አራተኛውን ጣሳ አትክፈቱ። የጎደለው ቀለም አይደለም። ቦርዶ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ደማቅ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ የሚሸነፈው ከነጩ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው። ማጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ፕራይመር (ከላይ ቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም)። ብዙ ሰው እነዚህን ሦስቱን ዘሎ ነጩን ይጀምራል፣ ከዚያ ገንዘቡ ያልቃል፣ ግድግዳው ግን ሮዝ ሆኖ ይቀራል።

እኔም የመጀመሪያውን ሳሎን እንደዚያ ነው ያበላሸሁት። አራት እጅ ቀባሁ። ቀን ላይ ደህና ይመስል ነበር። ማታ መብራት ሲበራ ግን ቀዩ በመስኮቱ ዙሪያ እንደ ጥላ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ሶፋው የነካውን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሳደርገው፣ አዲሱ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከስሩ ያለው የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ነበር። ሳላሸው ውሃ ቀለም ደርቤበት ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ነው። አታቀያይሩት። ለአንድ ክፍል ሦስት ቀን መድቡ።

1. መጀመሪያ ግድግዳውን እወቁት

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ፈተና አድርጉ። ሦስቱም ተደምረው ሩብ ሰዓት አይፈጁም።

የአልኮል ፈተና። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በጥጥ ነክራችሁ ግድግዳውን አንድ ቦታ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ጥጡ ቀለም ይዞ ከመጣና ግድግዳው ከለሰለሰ፣ ያለው ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው። ጥጡ ንጹህ ሆኖ ከወጣ ዘይት ቀለም ነው። በኪራይ ቤቶች፣ በኮሪደርና በኩሽና ብዙ ጊዜ ታችኛው ግማሽ ዘይት፣ ላይኛው ፕላስቲክ ስለሚሆን ሁለቱንም ለየብቻ ፈትኑ።

የፕላስተር ፈተና። በምላጭ የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ጭረት አውጡ። የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበትና በአንድ ጊዜ መንጭቁት። ቀለሙ ተያይዞ ከመጣ አሮጌው ራሱ ግድግዳውን አልያዘም ማለት ነው። ልቅ የሆነውን በስፓቱላ ሳታነሱ የምትቀቡት ሁሉ አብሮት ይረግፋል።

የመዳፍ ፈተና። ግድግዳውን በደረቅ መዳፍ ጠረግ አድርጉት። መዳፋችሁ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ከቀረ፣ ኖራ ወይም ያረጀ ርካሽ ቀለም ነው። ዱቄት ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም። ተፍቆና ታጥቦ መውጣት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይን እዩ። ቡናማ ክብ ምልክት፣ የተነፋ ልስን፣ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ እርጥበት አለ። ከጣሪያ ይሁን፣ ከቧንቧ ይሁን፣ ከመሬት ይሁን ምንጩን ሳትዘጉ አትቀቡ። ይህን ለምኜ ነው የምለው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የሚደረግ ቀለም በሙሉ የባከነ ነው።

2. ምን ያህል ቀለም?

አራት በሦስት ተኩል ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ፤ ከፍታው 2.6 ሜትር። የአራቱ ግድግዳ ርዝመት ሲደመር 15 ሜትር ነው። በከፍታው ስታባዙት 39 ካሬ ይመጣል። ለበርና ለመስኮት 5 ካሬ ቀንሱ፣ 34 ይቀራል። ለስላሳ ልስን ላይ አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ለአንድ እጅ 3.4 ሊትር ያስፈልጋችኋል። ግድግዳው ሻካራ ከሆነ አንድ ሊትር 7 ካሬም ላይሞላ ይችላል።

የምትገዙት ይህን ያህል ነው፦ ለአንድ እጅ የሚበቃ ፕራይመር (በጣም ጥቁር ከሆነ ለሁለት) እና ለሁለት እጅ የሚበቃ የላይ ቀለም። ጋሎን ብዙውን ጊዜ ወደ 4 ሊትር ይጠጋል፣ ግን ሱቁ የነገራችሁን ሳይሆን ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቡ። የላይ ቀለሙን በሙሉ በአንድ ቀን ግዙ። ሌላ ቀን የተቀላቀለ «ያው ነጭ» ግድግዳ ላይ ያው አይሆንም።

ርካሹን ቀለም ለሌላ ቦታ አድርጉት። ነጭ ቀለም ከስሩ ያለውን የሚሸፍነው በውስጡ ባለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ውድ ስለሆነ ርካሽ ቀለም ውስጥ መጠኑ ይቀንስና በምትኩ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበዛል። በነጭ ግድግዳ ላይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። በቦርዶ ላይ ወዲያው ይታያል።

ሌላው ዕቃ፦ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ጸጉር ያለው ሩሎ (ለሻካራ ግድግዳ 18)፣ ለጠርዝ የሚሆን ሰያፍ ብሩሽ፣ ስፓቱላ፣ ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ)፣ 120 እና 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ላስቲክ፣ ጓንት፣ ማስክ፣ ሁለት ባልዲ። የሩሎው ጸጉር የሚረግፍ ከሆነ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ በእጃችሁ ሳብ ሳብ በማድረግ ታውቁታላችሁ።

3. ጊዜውን ምረጡ

ብዙ ቤት የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ተብሎ በነሐሴ ነው። ለቀለም ከዚህ የከፋ ወር የለም። አየሩ እርጥብ ነው፣ ቀለሙ አይደርቅም፣ ሰው ግን በዓሉ ደረሰ ብሎ ያልደረቀ እጅ ላይ ሁለተኛውን ይደርባል። ከቻላችሁ ወደ ጥቅምትና ኅዳር አስተላልፉት። የግድ ነሐሴ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓት እጥፍ ጠብቁ።

4. ክፍሉን ማዘጋጀት

ዕቃውን ወደ መሃል ሰብስባችሁ በላስቲክ ሸፍኑት። ብሬከሩን አጥፉና የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳኖችን ፍቱ፤ ዙሪያቸውን መቀባት ከመፍታት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በግድግዳው ግርጌ የሚዞረውን ዞኮሎና የበሩን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ያዙ። ፕላስተሩን ከለጠፋችሁ በኋላ ጠርዙን በስፓቱላ ጫን ጫን አድርጉት። ካልተጫነ ቀለም ከስሩ ይገባል።

5. ማጠብ

የግድግዳ ጠላት አቧራ ብቻ አይደለም። ኩሽና አጠገብ የዘይት ጭስ አለ፣ ሳሎን ውስጥ የእጣንና የከሰል ጭስ አለ፣ በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ የእጅ ወዝ አለ። ባይታያችሁም አለ። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ንጹህ በሚመስለው ቦታ ላይ አንዴ ብትጠርጉ ታዩታላችሁ።

ለብ ያለ ውሃ በአንድ ባልዲ፣ ትንሽ የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨምሩበት። በስፖንጅ ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ በደረቁ ግድግዳ ላይ መስመር ይሠራል። ከዚያ በሁለተኛው ባልዲ ንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ይህን ማለቅለቅ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ የቀረ ሳሙና ግን ቀለሙ እንዳይይዝ ያደርጋል።

ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቀቡት፣ ሩብ ሰዓት አቆዩትና እጠቡት። ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

እንዲደርቅ አሳድሩት።

6. ማሸት

ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ እሹት፣ ይበቃል። ዘይት ቀለም ከሆነ ግን ሥራው ያለው እዚህ ነው። በ120 ጀምሩ። ዓላማው ቀለሙን ማንሳት ሳይሆን ማብረቅረቁን መግደል ነው። የእጅ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ እንደ መስታወት የሚያበራ ቦታ ካለ እዚያ አልታሸም።

የዘይቱና የፕላስቲኩ ቀለም የሚገናኙበት መስመር ላይ ትንሽ ጉብታ አለ። በጣታችሁ ከላይ ወደ ታች ብትሄዱ ይሰማችኋል። እስኪጠፋ እሹት ወይም ስስ ስቱኮ ጎትቱበት። አለበለዚያ ሁሉም ነጭ ከሆነ በኋላ ግድግዳው መሃል ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ለዘላለም ይቀመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ ዘይት ቀለም ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሊድን መጠን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በወጣ ደንብ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ብዙ ነው። አሜሪካ ያላችሁም ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ነገሩ ይመለከታችኋል። ስለዚህ በደረቁ አትሹ። ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ እሹ፣ ብናኙ አይነሳም። ማስክ አድርጉ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት ቤት ውስጥ አይሁኑ። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ፤ በመጥረጊያ አትጥረጉት። ቀለሙ በብዛት እየተፈረፈረ ከሆነ ይህን ሥራ ራሳችሁ አትሥሩት።

7. ቀዳዳና ስንጥቅ

የሚስማር ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ። ሲደርቅ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፣ ከዚያ እሹት። የጸጉር ቀጭን ስንጥቅ ከሆነ በስፓቱላው ጫፍ ትንሽ አስፉት፣ አለበለዚያ ስቱኮው አይገባም። የተሞላውን ቦታ ሁሉ ለብቻው ፕራይመር ንኩት። ስቱኮ ቀለም ይጠጣል፤ ካልተነካ በመጨረሻው ነጭ ላይ እንደ እድፍ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

8. ፕራይመር

ከሁሉም በላይ በዚህ ላይ አትሰስቱ።

የትኛው ፕራይመር? ከስር ፕላስቲክ ቀለም ካለና እድፍ ከሌለ በውሃ የሚበጠበጥ ፕራይመር ይበቃል። ከስር ዘይት ቀለም ካለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ እንደሚይዝ ጣሳው ላይ የተጻፈበትን ፈልጉ። ጥቀርሻ፣ የዘይት ጭስ ወይም የደረቀ የውሃ ምልክት ካለ ደግሞ በዘይት የተሠራ እድፍ ያዥ ፕራይመር ያስፈልጋል። ምክንያቱም የውሃ ፕራይመር እድፉን ያሟሟውና ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ብትደርቡም ተመልሶ ይመጣል።

ለቀይና ለቦርዶ ግን ተቃራኒ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። አንዳንድ አሮጌ ቀይ ቀለሞች በቲነር (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ይሟሟሉ። በዘይት የተሠራ ፕራይመር ስትቀቡበት ነጩ ሮዝ ይሆናል። እዚያ ላይ የሚሠራው የውሃው ነው። ስለዚህ ሙሉ ግድግዳ ከመጀመራችሁ በፊት ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ካሬ ያህል ቀቡና አሳድሩት። ጠዋት እዩት። ነጭ ሆኖ ከቆየ ቀጥሉ። ሮዝ ካለ ወይም በጥፍር ከተነሳ ፕራይመሩን ቀይሩ። ይህች አንድ ሌሊት ብዙ ጣሳ ታድናለች።

መጨረሻ ላይ የምትፈልጉት ቀለም ነጭ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ደማቅ ቢጫ ከሆነ፣ ሱቁ ፕራይመሩን ግራጫ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ቢጫና ቀይ በባሕርያቸው ስስ ናቸው፣ በነጭ ላይ ብዙ እጅ ይፈልጋሉ። በግራጫ ላይ ቶሎ ይሞላሉ።

አቀባቡ፦

ሀ. ጣሳውን ከስር ጀምራችሁ በእንጨት ሦስት ደቂቃ አማስሉ። ከባዱ ነገር ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ነው ያለው።

ለ. አታቅጥኑት። ጣሳው ላይ ከተፈቀደው በላይ አንድ ጠብታ ውሃ አትጨምሩ።

ሐ. ጥጎቹን በብሩሽ፣ ቀሪውን በሩሎ ቀቡ።

መ. ሲደርቅ እዩት። ቦርዶው ትንሽ እንደ ጥላ ቢታይ ግድ የለም። ግን እኩል መሆን አለበት። ዥንጉርጉር ከሆነ ወይም ከበር ላይ ሆናችሁ የድሮውን ቀለም ስም መጥራት ከቻላችሁ ሁለተኛ እጅ ፕራይመር ጨምሩ። የፕራይመር ሁለተኛ እጅ ከላይ ቀለም ሦስተኛ እጅ ይሻላል።

እርጥብ እያለ አትፍረዱ። ሲደርቅ የሚሸፍነው እርጥብ ሆኖ ከሚታየው ይለያል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዘይት ፕራይመር ስትሠሩ መስኮት ይከፈት። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል፣ ቡና አይፈላ፣ ሻማ አይብራ፣ ሲጋራም አይጨስ። የቲነር ትነት ከሩቅ እሳት ይስባል። ዘይት ቀለም የጠጣ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

9. የመጀመሪያው እጅ

ቀለም ቀቢ ከቀጠራችሁ፣ ባልዲው አጠገብ ቁሙ። ብዙ ግድግዳ የሚበላሸው በውሃ ነው። የተለመደው ፈቃድ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በ4 ሊትር ጋሎን 10 በመቶ ማለት 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያንሳል ማለት ነው። እኔ ሁለት ሙሉ ሊትር ሲገለበጥበት አይቻለሁ። ሩሎው በደንብ ይንሸራተታል፣ ቀለሙም ብዙ ቦታ ይደርሳል፣ ግን ግድግዳው ላይ የሚቀረው ወተት የመሰለ ነገር ነው። ቀቢውን በትህትና «ወንድሜ፣ ውሃውን እኔ ልለካልህ» በሉት። አይቀየምም።

አንድ ግድግዳ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። የአራቱንም ጠርዝ መጀመሪያ ቀብታችሁ ከዚያ ሩሎ አትያዙ፤ ጠርዙ ይደርቅና በዙሪያው እንደ ክፈፍ ይቀራል። የአንዱን ግድግዳ ጠርዝ በብሩሽ ያዙ፣ ወዲያው በሩሎ ሙሉት።

ሩሎውን ነክራችሁ ትርፉን አራግፉ። አንድ ሜትር ስፋት ያህል ወስዳችሁ ከላይ እስከ ታች አዳርሱ፣ ከዚያ ሳትጫኑ ከኮርኒስ እስከ ዞኮሎ በአንድ አቅጣጫ አንዴ ጎትቱት። ቀጣዩን ሜትር የቀደመው ጠርዝ እርጥብ እያለ ጀምሩ። ስልክ ከተደወለ ግድግዳውን ጨርሳችሁ አንሱ። መሃል ላይ የቆመ ቀለም ምልክት ይተዋል።

ሩሎው መጮህ ከጀመረ ደርቋል ማለት ነው። አትጫኑት፣ ንከሩት።

10. ሁለተኛው እጅ

አራት ሰዓት ጠብቁ፣ በክረምት እስከ ማግስቱ። በመዳፍ ስትነኩት ከቀዘቀዘና ከያዘ አልደረቀም። ከመቀባታችሁ በፊት ፊቱን በመዳፍ ፈትሹ፤ የሩሎ ጸጉርና አቧራ ካለ በ220 አንዴ ጠረግ አድርጉና ብናኙን ጥረጉ። ሁለተኛውን እጅ ውሃ ሳትጨምሩ ቀቡ።

የመጨረሻው እጅ ነካ ሲያደርጉት የማይይዝ ግን ገና ያልጠነከረ ሲሆን ፕላስተሩን በ45 ዲግሪ ወደ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከጠነከረ በኋላ ከሆነ ቀለሙን ይዞ እንዳይመጣ ጠርዙን በምላጭ ቁረጡና አንሱ።

ሲበላሽ

ቀለሙ ከተነፋ፦ ፊኛውን ቅደዱና ከውስጡ ያለውን እዩ። ልስኑ እርጥብ ከሆነ ጥፋቱ የውሃ ነው፣ ወደ ምንጩ ሂዱ። ደረቅ ከሆነና የድሮው ቀለም የሚያብረቀርቅ ከሆነ አልታሸም። ያንን ቦታ ፈቅፍቁ፣ እሹ፣ ፕራይመር ቀቡ።

እንደ አንሶላ ከተላጠ፦ ማስታገሻ የለውም። ዘይት ላይ ሳይታሸ የተቀባ ነው። የሚነሳውን ሁሉ አንሱና ከቁጥር 6 ጀምሩ። አዝናለሁ፣ ግን ላዩ ላይ ብትደርቡ ነገም ይላጣል።

ቡናማ እድፍ ከነጩ ላይ ከወጣ፦ ተጨማሪ ነጭ አትቀቡ። እድፉ ላይ ብቻ በዘይት የተሠራ እድፍ ያዥ ፕራይመር ቀቡና ከደረቀ በኋላ ግድግዳውን አንድ እጅ ድገሙት።

ቀለም ከወረደና ከደረቀ፦ እርጥብ እያለ ካላያችሁት አትነካኩት። በማግስቱ በ220 አስተካክሉና ያንን ግድግዳ በሙሉ ቀቡ። ቁርጥራጭ ቦታ ብትነኩ ልዩነቱ ይታያል።

የሩሎ መስመር ከታየ፦ ሩሎውን ተጭናችኋል ወይም ቀለሙ ከዳር ደርቆ ነበር። ቀለል አድርጋችሁ እሹና መስኮቱን ዘግታችሁ አንድ እጅ ቀቡ። ነፋስ ጠርዙን ቶሎ ያደርቀዋል።

ከጨረሳችሁ በኋላ

የውሃ ቀለም ብሩሽና ሩሎ ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠብ። በአንዱ እጅና በሚቀጥለው መካከል ለማረፍ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ እስከ ማታ አይደርቅም። የተረፈውን ቀለም ክዳኑን በመዶሻ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ፣ የክፍሉን ስምና ቀኑን ጣሳው ላይ ጻፉ።

ሶፋውን ለሁለት ቀን ከግድግዳው ራቅ አድርጉት። ቀለም ከላይ ቢደርቅም እስከ ውስጥ ለመጠንከር አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። እስከዚያ ግድግዳውን አትጠቡ። የልጅ እጅ ካረፈበት በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ነካ አድርጋችሁ አንሱት፣ አትሹት።